ሁለት ጣት ሣር

ሐምሌ 14 ቀን 2017፣ ዝግባ ሜዳ

አጥሩ ዛሬ አለቀ። ሽቦውን ከዳባት እስከዚህ ዳገት ድረስ በአህያ ነው ያመጣነው። ሌላው ደብተሬ ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ይህን ለራሴ ጀመርኩ።

መስኩ የዝግባ ሜዳ ሚካኤል ነው። ሰበካ ጉባኤው ዳር ያለውን ቁራሽ ለአንድ ክረምት ፈቀደልኝ፤ እኔም በሦስት ከፈልኩት። በአንደኛው ሣሩ ሁለት ጣት ሆኖ ይቆያል። በሁለተኛው አንድ ጋት ተኩል፣ ማለትም ስድስት ጣት። በሦስተኛው ስንዝር ሙሉ። በየመስኩ ስድስት ከብት ይገባል፤ ዘጠና ቀን ይቆያል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይለካል። ጥያቄው ሣሩ ምን ያህል ሲቆም ነው ከብት ገብቶበት ሥጋ የሚጨምረው የሚል ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ። አብረውኝ የጀመሩት ተመርቀው ፎቷቸውን ለጥፈዋል።

ገበሬዎቹ ከብታቸውን ለመስጠት አንገራግረው ነበር። መጀመሪያ የሰጡኝ አያ ቢያዝን ናቸው። አባባ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት እዚህ መንደር ነው፤ ቁራሽ ይሰጧቸው የነበሩት የአያ ቢያዝን እናት ናቸው። "የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ልጅ ከሆነችማ ምን እጠይቃለሁ" አሉና ዳልቻን ጎትተው አመጡ። ዳልቻ ወይፈን ነው፤ አመድ የመሰለ፣ ሻኛው ገና ያልሞላ። ያላቸው አንድ ያረጀ በሬ ነው። በሚመጣው እርሻ ዳልቻ ከእሱ ጋር ሊጠመድ ነው።

ሌሎቹ ይህን አይተው ተከተሉ።

ሐምሌ 20

ዕጣ ወጣ። አሥራ ስምንት ቁራጭ ወረቀት በምንዳዬ ባርኔጣ ውስጥ። ምንዳዬ አጥሩን የሚጠብቀው የመንደሩ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ያዘዙትን ነገር ሁሉ እንደታዘዘ ያደርጋል። ወረቀቱን እሱ እያወጣ እኔ ጻፍኩ።

ዳልቻ አጭሩ መስክ ደረሰው። እንደገና ይውጣ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዕጣ አይደገምም።

ዳልቻ፣ 208 ኪሎ።

ነሐሴ 5

ዝናብ። ጣቴ ደንዝዟል። የመጀመሪያው ልኬት ተጠናቀቀ። መካከለኛው መስክ በአማካይ ስድስት ኪሎ ጨመረ። ረጅሙ አራት። አጭሩ ሁለት ቀነሰ። እንደጠበቅሁት ነው። ዳልቻ 206።

ምንጭ ዳር ሴቶቹ ሲስቁ ሰማሁ፤ የመሪጌታ ልጅ ሣር በማስመሪያ ትለካለች እያሉ።

ነሐሴ 11

በዚህ ዝናብ ሣሩ በቀን በቀን ይመዘዛል። አጭሩ መስክ ሁለት ጣት ሆኖ እንዲቆይ ምንዳዬ በየሦስት ቀኑ በማጭድ ይከረክመዋል፤ የታጨደውን ደግሞ ተሸክሞ ያወጣል። ከብቶቹ እስከ በሩ ድረስ ይከተሉታል።

ዛሬ የአያ ቢያዝን ባለቤት እትዬ ታየች የፍልሰታ ቆሎ ይዘውልኝ መጥተው ይህን አዩ። ቆሎውን ሰጡኝና አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ምነው ከፊቱ ታሳጭጅበታለሽ አሉኝ። ሦስቱን መስክ ማወዳደር እንዳለብኝ፣ አንዱ ካልጎደለ ሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ እንደማይታወቅ አስረዳሁ። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ሁለት ጣት ሣር ላይ የዋለ ከብት እንደሚከሳ ማን አጣው?" አሉ። "ለማወቅ ነው የምታከሱት?"

ምን ያህል እንደሚከሳ ግን አይታወቅም አልኩ። እውነት ነው፣ አይታወቅም። እስካሁን እዚህ ደጋ ላይ የለካው ሰው የለም።

ቆሎው ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 20

ዳልቻ 201።

አያ ቢያዝን ዛሬ ግማሽ ቀን ከእኔ ጋር አጥሩ ጥግ ተቀመጡ። ከብት የላይኛው የፊት ጥርስ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ከመጽሐፍ ነው ያወቅሁት። እሳቸው በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ፦ ከብት ምላሱን ያወጣል፣ ሣሩን ይጠቀልላል፣ ከታች ጥርሱ ላይ አጥፎ ይነጨዋል። ምላሱ የሚጠቀልለው ካጣ ግን ከንፈሩን መሬት ላይ እያሸ ይውላል። "ተመልከች" አሉኝ፤ "እዚያ ማዶ ያሉት ተኝተው ያመነዥካሉ። የእኔ ከነጋ አልተኛም።"

ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። የአጭሩ መስክ ከብቶች በቀን ውስጥ ከሌሎቹ ሦስት ሰዓት የሚበልጥ ይግጣሉ፤ የሚገባላቸው ግን ግማሹን አያህልም። ይህ ለጽሑፌ ትልቅ ግኝት ነው። ረጅሙ መስክም ያልጠበቅሁትን አሳየኝ። ሣሩ አገዳ እያወጣ ነው፤ ከሚበሉት የሚረግጡት ይበዛል። መካከለኛው እየመራ ነው።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስገባ እትዬ ታየችን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ብለውኝ አለፉ።

ጳጉሜን 5

ዳልቻ 196። የዳሌው አጥንት ወጥቷል። ሌሎቹ አምስቱም ከስተዋል፤ እንደ እሱ ግን አይደሉም። ገና የሚያድግ ስለሆነ ይመስለኛል።

የሙከራው ደንብ ከብት የክብደቱን አንድ አሥረኛ ካጣ በዚያው ዕለት ከመስኩ ይወጣል ይላል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዳልቻ ወሰኑ 187 ነው። ገና ነው።

መስከረም 2 ቀን 2018

ለዘመን መለወጫ እነ አያ ቢያዝን ቤት ጠሩኝ። ብዙ ሰው ነበር። አያ ቢያዝን ጠላ እየቀዱልኝ እንዴት ነው ወይፈኔ አሉኝ፤ በሰው ፊት። ሸጋ ነው አልኩ። ቃሉን ከእነሱ ነው የተማርኩት፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

በየቀኑ በአጥሩ በኩል ያዩታል። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም።

መስከረም 15

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ጎንደር እወርዳለሁ።

ዳልቻን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሜትሩ በደረቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ኪሎውን ያሳያል፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ዝቅ ይላል፣ ላላ ሲያደርጉት ከፍ። 186። 186። 188። ሦስተኛውን የያዝኩት እኔ ነኝ። 188 ጻፍኩ። ከብቱ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትክክል አይመስሉኝም።

ምንዳዬ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ነበር። ጫፉን ለቀቀ።

መስከረም 18፣ ጎንደር

የመስቀል ማግስት። ፀዳ ሄጄ አማካሪዬን ዶክተር አላምረውን ቤታቸው አገኘኋቸው። የስድሳ ቀኑን ውጤት አሳየኋቸው፦ መካከለኛው መስክ ሃያ ሰባት ኪሎ ጨምሯል፤ ረጅሙ አሥራ ሰባት፤ አጭሩ አሥራ አራት ቀንሷል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አዩት። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ልዩነት አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። እስከ ዘጠና ቀኑ ከዘለቀ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል አሉ። ከደንቡ በታች የወረደ ከብት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ።

ረቡዕ እመለሳለሁ።

መስከረም 21

መንገዱ ተዘግቷል። መናኸሪያው ባዶ ነው። አንድ ሾፌር ሁለት ቀን ነው አለ። ሌላው ሳምንት አለ።

መስከረም 23

አሁንም ዝግ ነው።

መስከረም 25

ዛሬ ሁለት ደቂቃ ያህል ኔትወርክ ተገኘና ምንዳዬን አነጋገርኩት። ስለ አጥሩ ጠየቅሁት፤ ደህና ነው። ዝናብ መለኪያው ደህና ነው። የመስከረም ሠላሳን ልኬት እሱ ራሱ እንዲለካ፣ ሜትሩን እንዴት እንደሚይዝ ነገርኩት። ሌላም ነገር ተናገረ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር።

አባባ ከክፍሉ ማዶ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ስለ ቢያዝን ለምን እንዳልጠየቅሁ ጠየቁኝ። ጊዜ አልነበረም አልኩ።

መስከረም 29

ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። በቀን አርባ ጊዜ እሞክራለሁ። ዝናቡ መውጣት ሲገባው እንደገና ይዘንባል። ደጋው ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

አባባ ለማኅሌት ሲወጡ ደጅ ቆሜ አገኙኝ። መንገዱን የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም አሉኝ። ትክክል ናቸው። መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።

ጥቅምት 1

ኔትወርክ የለም። ምን ማድረግ እችል ነበር? ምንም።

ጥቅምት 4፣ ዝግባ ሜዳ

መንገዱ ትናንት ማታ ተከፈተ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳባት ደረስኩ፤ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ምንዳዬ መንገዱ መከፈቱን ሰምቶ ከመንደሩ በታች ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ስመጣ አልተነሣም። ዳልቻ የለም አለኝ።

ቅዳሜ ማታ በረዶ ወረደ። እሑድ ጠዋት ዳልቻ አጥሩ ሥር ጭቃ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ስድስት ሰው ሆነው በሆዱ ሥር አጣና አሳልፈው አነሡት። ቆመ። ሲለቁት ወደቀ። እንደገና አነሡት። በሦስተኛው እግሩን ለማቆም እንኳ አልሞከረም። አያ ቢያዝን ነፍሱ ሳትወጣ ብለው ቢላዋ አመጡ። ራሳቸው ናቸው የያዙት፤ ለሌላ ሰው አልሰጡም።

ጽጌን የማይጾመው ሰው ሥጋውን ተካፈለ። ሥጋ ግን አልነበረውም አለ ምንዳዬ።

ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የመስከረም 30 ልኬት ነው። በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፣ አሥራ ስምንቱንም ጽፏቸዋል። ዳልቻ 174።

ጥቅምት 5

ማልጄ ሄጄ የአጭሩን መስክ በር ከፈትኩት። ሰማንያኛው ቀን ላይ ሙከራው ቆመ። አምስቱ ከብቶች መጀመሪያ አልወጡም። በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። እየነዳሁ አስወጣኋቸው። መካከለኛው መስክ ሲደርሱ ሣሩን በምላሳቸው ሲጠቀልሉ ድምፁ ይሰማል፤ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል።

ምንዳዬ ማጭዱን ወስዶ ቤቱ ገባ።

ጥቅምት 7

ወደ እነ አያ ቢያዝን ቤት ሄድኩ። ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ነበር የገባሁት። አያ ቢያዝን ገብስ አጨዳ ላይ ነበሩ። እትዬ ታየች ብቻቸውን ነበሩ። ከተቆላ ገብስ ዱቄት በሶ በጥብጠው ሰጡኝ። ስለ ዳልቻ በሽታ ይሆናል አሉ፤ ሳንባውን ነው መሰለኝ፣ ያስለው ነበር። እኔ ሲያስል ሰምቼው አላውቅም። በሶዬን ጠጣሁ።

ስወጣ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረጉ። የእኛ ድርሻ ነው አሉ። እሳቸው ጽጌን ይጾማሉ፤ ሥጋውን ዘልዝለው አድርቀውታል። "መሪጌታ ጾማቸውን ሲፈቱ ይቀምሱታል" አሉ። ቋንጣው ቀጭን ነው፤ ጅማት ይበዛዋል።

አልቀበልም ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱን መናገር ይኖርብኝ ነበር።

ጥቅምት 12፣ ጎንደር

እንደገና ፀዳ። ዶክተር አላምረው አዘኑ፤ የእውነት ነው ያዘኑት። ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ከገበሬዎቹ ጋር በተፈራረምነው ውል በሙከራው ምክንያት ለሞተ ከብት ምትክ ይሰጣል፤ በበሽታ ለሞተ አይሰጥም። በበሽታ ከሆነ ዳልቻን ከመዝገቡ አውጥቼ በአሥራ ሰባቱ ጽሑፌን መጨረስ እችላለሁ። በሙከራው ከሆነ ጉዳዩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ይሄዳል፤ እስኪታይ ድረስ የመመረቂያ ጽሑፌን የምከላከልበት ቀን ይቆያል።

"የትኛው ነው?" አሉኝ።

ባለቤቶቹ በሽታ ነው ይላሉ አልኩ።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

አላውቅም አልኩ። የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ አስቢበት አሉ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ከፀዳ እስከ ፒያሳ ምን ያህል እንደሚርቅ ያወቅሁት ዛሬ ነው። አስቤበታለሁ። ሰዎቹ ራሳቸው በሽታ ነው ካሉ እኔ ከእነሱ በላይ በምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 14

ይህን ማንም አያየውም፤ ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

መስከረም 15 ቀን ዳልቻ 186 ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልኬቶች ትክክል ነበሩ። በሦስተኛው ሜትሩን ላላ አድርጌ ያዝኩት። እያወቅሁ ነው። ዳልቻ ከወጣ አጭሩ መስክ አምስት ከብት ብቻ ይቀረዋል፤ ልዩነቱም ይቀንሳል ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ ብዬ ነበር።

መስከረም 25 ቀን መስመሩ አልተቆራረጠም። ምንዳዬ በደንብ ይሰማኝ ነበር፣ እኔም እሰማው ነበር። ዳልቻ ከተኛ ቶሎ አይነሣም አለኝ። አያ ቢያዝን መጥተው በሩን ክፈትልኝ ብለውታል፣ እሱ ያለ እሷ ቃል አልከፍትም ብሏል፣ ምን ላድርግ አለኝ። የሠላሳው ልኬት ይለፍ፣ ከዚያ አያለሁ አልኩት። ክፈተው ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁለት ደቂቃ አያስፈልገውም።

ማታ አባባ ከቅዳሴ ወጥተው እራት ከበላን በኋላ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። አልቆጡኝም፣ አላባበሉኝም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ "ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ለባለ ወይፈኑ ንገሪ።"

አብረውኝ ይሄዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አይሆንም አሉ። እኔ ከሄድኩ ስለ እኔ ብሎ ይቅር ይላል፤ ያ ደግሞ ይቅርታ አይደለም አሉኝ።

ከዚያ መኝታቸው ገቡ። ስለ አያ ቢያዝን እናት ቁራሽ እንኳ አላነሡብኝም።

ጥቅምት 19፣ ዝግባ ሜዳ

ነገርኳቸው።

ገብሳቸውን ሊጨርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የማሳው ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲያዩኝ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ፤ መሪጌታ ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናቸው አልኩ።

"አያ ቢያዝን፣ ዳልቻን የገደለው በሽታ አይደለም" አልኩ።

ነዶው ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም በተራ ነገርኳቸው፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሜትሩ፣ ስለ ስልኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ስለ ቁጥር ብቻ ለመናገር ሞከርኩ። እሳቸውም የጠየቁኝ ስለ ቁጥር ነው።

"ስንት ሲደርስ ነበር የምታወጪው?"

"መቶ ሰማንያ ሰባት።"

"ስንት ነበር?"

"መቶ ሰማንያ ስድስት።"

"በአንድ ኪሎ" አሉ።

"በአንድ ኪሎ።"

ከነዶው አንድ ዘለላ መዝዘው በጣታቸው ፈረኩት። ነፋሱ ገለባውን ወሰደው፤ ፍሬዎቹ መዳፋቸው ላይ ቀሩ። አልቀመሱትም። ከዚያ እኔን ሳያዩኝ መናገር ጀመሩ።

"በሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው መጥረቢያ ይዤ ነበር። ያን ሽቦ ለመጣል ምን ይጠይቃል? ምንዳዬም አይከለክለኝም፣ ዞር ብሎ ነበር። ቆሜ ቆሜ፣ የመሪጌታ ልጅ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተመለስኩ።"

 በሙከራው ምክንያት መሞቱን እንደምጽፍ፣ በውሉ መሠረት ምትክ ወይፈን እንደሚገዛ፣ ወረቀቱ ጊዜ እንደሚወስድ ነገርኳቸው። እሺ አሉ። ምትኩ እስኪመጣ ያረጀውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሳሉ፤ ለዚያም የጎረቤቱን ማሳ ጭምር ማረስ አለባቸው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ማጭዳቸውን አነሡ።

"ገብሱ ይረግፋል" አሉና ወደ ማሳው ገቡ።

ጥቅምት 27፣ ጎንደር

ወረቀቱን አስገባሁ። 188ን ሰርዤ 186 ጻፍኩ፤ ከጎኑ ፈረምኩ። ዶክተር አላምረው አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ዘንድሮ እንደማልመረቅ ነገሩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ለበሽተኛ እንደሚነግሩ። የሚመጣውም ዓመት በኮሚቴው እጅ ነው አሉ። ስለ ምትኩ ወይፈን ጠየቅኋቸው። ሦስት ፊርማ ይቀረዋል።

ኅዳር 3

ሁለት ፊርማ።

ኅዳር 12፣ ዝግባ ሜዳ

ዛሬ ሚካኤል ነው። አጥሩን ነቅዬ ሽቦውን ለመመለስ ነበር የመጣሁት። ቅዳሴ እንዳበቃ የሰበካው ሰዎች መስኩ መቼ እንደሚከፈት ለመነጋገር ቅጽሩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከክረምት ጀምሮ የተከለለው ሰፊው መስክ ነው። እንደ ወትሮው ከሆነ በአንድ ቀን ይከፈታል፣ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይገባበታል፣ በሦስት ሳምንት አፈር ይሆናል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ከብቱ በገለባ ብቻ ይኖራል። ስድብ እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳውን ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጥቂቶቹ ዞር ብለው አዩኝ። ታሪኩን ሁሉም ሰምቷል።

እንደ ወትሮው ይከፈት የሚለው ሊጸድቅ ሲል አያ ቢያዝን ተነሡ። በጉባኤ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ምንዳዬ ነው የነገረኝ። መስኩ ለሁለት ይከፈል አሉ። ከብቱ ግማሹ ላይ ይግባ፤ ሣሩ ከአንድ ጋት በታች ሳይወርድ ይውጣና ወደ ሌላው ግማሽ ይለፍ፤ የመጀመሪያው እስኪያገግም አይመለስበት። አራት ጣታቸውን አጣምረው መሬት ላይ አቁመው አሳዩ። ከዚህ በታች ከብት ምላሱ አይይዝለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ውሎ ከስቶ ይገባል አሉ። ከስንዝር ካለፈም አገዳ ይሆናል፣ ይረገጣል።

አንድ ሽማግሌ ይህን በምን አወቅህ አሏቸው።

"በወይፈኔ" አሉ አያ ቢያዝን።

 ከዚያ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ያን የለካችው የከተማዋ ልጅ አይደለችም ወይ፣ የእሷ ልክ ይታመናል ወይ አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ይታመናል" አሉ አያ ቢያዝን። "የዋሸችውን ራሷ መጥታ ነግራኛለች። የቀረው እውነት ነው።"

ስሜን አልጠሩም። ወደ እኔም አልዞሩም። ተቀመጡ።

ክርክሩ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። ግማሹ ሰው አልተቀበለውም። በመጨረሻ ለዚህ ዓመት ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ፣ ይሞከር ተባለ። ሣሩን ማን ይለካል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ምንዳዬን መረጡት።

ሰው ሲበተን አያ ቢያዝንና እትዬ ታየች በአጠገቤ መጡ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እትዬ ታየች አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። አያ ቢያዝን አለፉ። ከቅጽሩ በር ወጥተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነጭ ጋቢያቸውን ከሌላው ሰው ጋቢ መሀል በዓይኔ ተከተልኩ። ሰዉ ሁሉ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።